የስም ካልሲ ወይስ የትዝታ ካልሲ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው የሚሆን የምርጫ መመሪያ

ወሎ ውስጥ ካልሲ የተደበቀ ልብስ አይደለም። መስጊድ ሲገባ ጫማ ይወልቃል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ይወልቃል፤ ምንጣፍ የተነጠፈበት ቤት ለቡና የተጠራ እንግዳም ጫማውን ደጃፍ ላይ ትቶ ነው የሚገባው። ስለዚህ ስም የተጻፈበት ወይም የድሮ ካሴት የተሳለበት ካልሲ ለደሴ ሰው ስጦታ ልግዛ የሚል ሁሉ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ ይህ ካልሲ ጫማ ወልቆ ሽማግሌ ፊት ቢታይ ያሳፍራል ወይስ ያስቃል? የዋጋው፣ የክሩና የአሠራሩ ነገር ከዚህ በኋላ ይመጣል። ብዙዎች ግን ከዋጋ ይጀምሩና ካልሲው ከመጣ በኋላ የሚለበስበት ቦታ ያጣሉ።

የትኛው ስም እግር ላይ ይውላል?

በእኛ አገር ብዙው ስም ወይ የፈጣሪን ወይ የነቢይን ወይ የቅዱሳንን ስም ይዟል። አብዱራህማን፣ መሐመድ፣ ገብረ ሥላሴ፣ ወለተ ማርያም፣ ኃይለ ሚካኤል የሚሉ ስሞችን እግር ላይ ማዋል በሁለቱም ሃይማኖት ቤት ቅሬታ ያመጣል። ባለስሙ ራሱ ቢስቅ እንኳን እናቱ አትስቅም። እንዲህ ያለ ስም ላለው ሰው የስም ካልሲ ማሠራት ካስፈለገ መፍትሔው የቤት ስሙ ነው። ቤት ውስጥ አቡሽ፣ ሚሚ፣ ማሚቱ ወይም ኪያ ተብሎ የሚጠራ ሰው ያንኑ ቢለብስ ማንም አይከፋውም። እንዲያውም ቁልምጫውን የሚያውቁት የቅርብ ሰዎች ብቻ ስለሆኑ ስጦታው ይበልጥ ይጣፍጣል።

የአባት ስም ሌላ ጉዳይ ነው። ከውጭ አገር የሚመጡት ንድፎች ለሁለት ስም ቦታ አላቸው፤ የእነርሱ ሁለተኛ ስም ለቤተሰቡ ሁሉ የጋራ መጠሪያ ስለሆነ አያስጨንቃቸውም። የእኛ ሁለተኛ ስም ግን የአንድ ሰው፣ የአባት የራሱ ስም ነው። «ተዋበች ይመር» ብሎ ካልሲ ላይ ማጻፍ አቶ ይመርን እግር ላይ ማዋል ነው። አቶ ይመር ቀልደኛ ከሆኑ ደግ፤ ካልሆኑ ግን «ተዋበች» ብቻ ይበቃል።

ውስጥ እግር ላይ የሚጻፈውን ነገር ጨርሶ ቢተዉት እመክራለሁ። ፈረንጆቹ ሶፋ ላይ እግራቸውን ዘርግተው «ይህን ማንበብ ከቻልክ ቡና አምጣልኝ» የሚል ጽሑፍ ተመልካች ላይ ይደቅናሉ። ደሴ ላይ ቡና በምታፈላ እናት ፊት ውስጥ እግሩን የሚያሳይ ሰው ቡናው ቀርቶበት ምክር ነው የሚጠጣው።

አብሮ የተሠራ፣ የታተመ፣ የተጠለፈ

ሻጮች ሦስቱንም «የስም ካልሲ» ብለው ይጠሩታል፤ ሥራው ግን ለየቅል ነው። አንዱ ካልሲው በማሽን ሲሠራ ስሙ በባለቀለም ክር አብሮ የሚሠራው ነው። ሁለተኛው ባለቀ ነጭ ካልሲ ላይ በሙቀት የሚታተም ሲሆን ሦስተኛው ደግሞ አንገቱ ላይ በመርፌ የሚጠለፍ ነው።

አብሮ የተሠራውን በደንብ ልንመለከተው ይገባል፤ ምክንያቱም በትክክል ከተሠራ ከሦስቱ ረጅም ዕድሜ ያለው እርሱ ነው፣ የሚበላሽበት መንገድም የሚያስቅ ነው። የካልሲ ማሽን መርፌዎቹ በክብ የተደረደሩ ናቸው። ለአዋቂ ካልሲ ከተለመዱት ማሽኖች መካከል ባለ144 እና ባለ168 መርፌዎቹ ይገኙበታል። እያንዳንዱ መርፌ በየዙሩ አንድ የክር ቀለበት ይሠራል፤ ጽሑፉም የሚወጣው በእነዚህ ቀለበቶች ነጥብ በነጥብ ተለቅሞ ነው። ባለ144 መርፌውን ብንወስድ ከአንድ ወገን ለዓይን የሚታየው ግማሹ፣ ማለትም 72 ቀለበት ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በግልጽ እንዲነበብ ከነክፍተቱ 12 ቀለበት ያህል ስፋት ቢሰጠው በአንድ መስመር የሚያርፉት 6 ፊደላት ናቸው። ይመር፣ ተዋበች፣ ወርቅነሽ በምቾት ይገባሉ። ከዚያ የረዘመ ስም ከላይ ወደ ታች፣ በባቱ ርዝመት ቢወርድ ይሻላል።

የእኛ ፊደል ልዩነቱን የሚያኖረው በትንንሽ ጭረት ላይ ነው። ጀ ከደ፣ ሸ ከሰ የሚለዩት አናታቸው ላይ ባለች አንዲት ሰረዝ ነው። ንድፉ ከተጨናነቀ መጀመሪያ የምትጠፋው እርሷ ናት። ጀማል «ደማል» ይሆናል፤ ሽታዬ «ስታዬ»፣ ወርቅነሽም «ወርቅነስ» ሆና ትመጣለች። ስለዚህ ፊደሉ ወፍራምና ያልተጌጠ ይሁን፤ ጭረቷም ቢያንስ የሁለት ቀለበት ውፍረት ይኑራት። ስሙን በጽሑፍ መልእክት ብቻ አይላኩ፤ ተቀባዩ ኮምፒውተር የአማርኛ ፊደል ካልተጫነበት ስሙ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታየዋል። ወረቀት ላይ በወፍራሙ ተጽፎ ፎቶ ተነሥቶ ይሂድ። ባለስሙ ስሙን እንዴት እንደሚጽፈውም አስቀድመው ያረጋግጡ። ሰዓዳ ብላ የምትፈርም ሴት «ሰአዳ» የሚል ካልሲ ስትቀበል ታመሰግናለች፤ ነገር ግን አይታ ታልፈዋለች።

ከመግዛትዎ በፊት ካልሲውን ገልብጠው ውስጡን ይመልከቱ። ባለቀለሙ ክር ጽሑፍ በሌለበት ቦታ ከጀርባ ተንሳፎ ያልፋል። ጥሩ ሠሪ ያንን አሳጥሮ ይቆርጠዋል ወይም በየመሀሉ ያሲዘዋል፤ ግዴለሹ ግን እንደተንጠለጠለ ይተወዋል። የተንጠለጠለው ክር ሲለበስ ጣት ይይዛል፤ ጥቂት ጊዜ ከተጎተተ በኋላ ፊት ለፊት ያለው ፊደል ይጨማደዳል። ለሕፃን ካልሲ ከሆነ ነገሩ ከማስጠላትም ያልፋል፤ ቀጭን ክር በሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል። ልጁ ስለማይናገር ለቅሶው የሌላ ነገር ይመስላል። ለሕፃናት ውስጡ ንጹሕ ያልሆነ ባለጽሑፍ ካልሲ በነፃ ቢሰጥም አይወሰድም።

የታተመው ካልሲ ትልቁ ጥቅሙ አንድ ጥንድ ብቻ ማሠራት መቻሉና ፎቶግራፍ የሚመስል ሥዕል መቀበሉ ነው። ኩባያና ቲሸርት የሚያትሙ ቤቶች በዚያው ዓይነት ዘዴ ሊሠሩት ይችላሉ። ወረቀት ላይ ያለው ቀለም ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት ወደ ጋዝ ተለውጦ ወደ ክሩ ይገባል። ይህ የሚሆነው ግን ክሩ ፖሊስተር ሲሆን ነው፤ ጥጥ ያንን ቀለም አይዝም። «ጥጥ ነው፣ ህትመቱም አይለቅም» የሚል ሻጭ ከሁለቱ አንዱን እየዋሸ ነው፤ ወይም ያደረገው ነገር እንደ ስስ ላስቲክ ከላይ የሚለጠፍ ነው፤ እርሱ ደግሞ ሲለጠጥ ይሰነጠቃል። የህትመቱ ሌላ ጉድለት ቀለሙ የሚገባው በላይኛው ገጽ ብቻ መሆኑ ነው። ሱቁ ውስጥ እያሉ ካልሲውን በሁለት እጅ ወደ ጎን ይለጥጡት። በቀለሙ መሀል ነጭ እንደ ንጋት ብቅ ካለ እግርዎ ላይም እንዲሁ ነው የሚሆነው።

ጥልፍ ቀላሉ ነው። የልብስ ጥልፍ የሚሠራ ሰው ደሴም ኮምቦልቻም አይጠፋም። ጥሩ የጥጥ ካልሲ ገዝቶ አንገቱ ላይ ሁለት ሦስት ፊደል ማስጠለፍ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የጥልፍ ክር ስለማይለጠጥ ካልሲው ተወጥሮ ካልተጠለፈ ግን አንገቱ ይጠብና እግር አይገባበትም። ከቁርጭምጭሚት በታች አይጠለፍ፤ የውስጡ ሻካራ ጫማ ውስጥ ቆዳ ይልጣል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ለአንድ ሰው ስጦታ ከሆነ ጥልፍ፤ ለብዙ ሰው ከሆነ አብሮ የተሠራ፤ ሥዕሉ ከስሙ ከበለጠ ብቻ ህትመት። ዋጋ በዚህ ላይ ብዙ አይለውጥም። አብሮ የሚሠራው ንድፉን ለማሽኑ ማዘጋጀት ስለሚጠይቅ ለአንድ ጥንድ ያን ያህል የሚደክም ሠሪ አይገኝም፤ ቢገኝም ያስከፍላል።

ትዝታን እግር ላይ ማዋል

ከውጭ ተሠርተው የሚመጡት የትዝታ ካልሲዎች የሚያስታውሱት የሌላ አገር ልጅነት ነው። ከእነርሱ መካከል በእርግጥ ካልሲ ላይ የሚያምረው የድሮ የቪዲዮ ጨዋታ ሥዕል ነው፤ ለዚህም ምክንያት አለው። ማሪዮ የተባለው የኔንቴንዶ ገጸ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲፈጠር ለሥዕሉ የነበሩት ነጥቦች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ባርኔጣው ፀጉር ከመሳል፣ ጢሙ ደግሞ አፍ ከመሳል አዳነ። በነጥብ የተፈጠረ ሥዕል ወደ ቀለበት ሲዛወር ምንም አይጎድልበትም። ጌም ቤት በር ላይ ወረፋ ጠብቆ ላደገ የደሴ ጎልማሳ ይህ ጥሩ ስጦታ ነው። የገጸ ባሕርዩ ባለቤት ግን ኩባንያ ነው፤ በፈቃድ የተሠራው ካልሲ መለያው ላይ የባለቤቱ ስም ይኖረዋል፤ ርካሹ አይኖረውም።

የራሳችንን ትዝታ ማሠራት ግን ይበልጣል፤ ምርጫውም ሰፊ ነው። ለማሽን የሚመቸው ቀጥ ያለ መስመርና ሳጥን ያለው ነገር ነው። ካሴት አራት ማዕዘንና ሁለት ክብ ነው፤ ይመቻል። ሰኞ ማክሰኞ በኖራ መሬት ላይ እንደተሰመረው ሳጥን በሳጥን ባቱን ተከትሎ ይወርዳል፤ ከሁሉም የሚያምረው እርሱ ይመስለኛል። ጣት ያለበት ጫፍ ላይ ድንጋይዋን በሌላ ቀለም ማስቀመጥ ይቻላል። ኮንጎ ጫማ ቀዳዳዎቹ ብዙ ስለሆኑ ከርቀት ወንፊት ይመስላል፤ ይቅር።

ለወሎ ሰው አራቱ ቅኝቶችም አሉ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ሁለቱ የወሎ ቦታዎች ስሞች ናቸው። አራት ጥንድ በአራት ቀለም ተሠርቶ በአንድ ሣጥን ቢታሸግ የማሪቱ ለገሰን አምባሰል ሰምቶ ላደገ ሰው፣ በተለይ ከአገር ርቆ ለሚኖር፣ ከዚህ የተሻለ የካልሲ ስጦታ አላውቅም። ባቲ ሁለት ፊደል ስለሆነ በትልቁ ይጻፋል። አንቺሆዬ አምስት ፊደል ሆኖ ቅጥያዎቹ ስስ ስለሆኑ ባለ168 መርፌውን ይጠይቁ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሦስት ጥንድ የማሠራት ሐሳብም ያምራል፤ በረካ ላይ ግን ቆም ይበሉ። ቡና በዱዓ በሚጠጣበት ቤት ሦስተኛውን ስኒ እግር ላይ ማየት ቅር የሚላቸው አዛውንት አይጠፉም። አቦልና ቶናን በግራና በቀኝ አድርጎ በአንድ ጥንድ መጨረስ ይቻላል።

የሰው ፊት ሌላ ነገር ነው። በ72 ቀለበት የሚሠራ ፊት ማንንም አይመስልም፤ በህትመት የሚወጣው ደግሞ እግር ሲገባበት ጉንጩ ይሰፋል። ሙሽራን በራሱ ፊት ማሳቅ ከሆነ ደስ ይላል፤ ሠርጉ ካለፈ በኋላ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። የታዋቂ ሰው ፊት ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው ሕግ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ምስል ያለፈቃዱ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ስለ ዝናና ስለ ሹመት ልዩ ሁኔታዎችን ቢያስቀምጥም የካልሲ ነጋዴ በዚያ ልተማመን ባይል ይሻለዋል። ሁለተኛው አክብሮት ነው። ለአርባ ዓመታት ያህል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት የነገሩትን አባባ ተስፋዬን የማይወድ አይገኝም፤ ፊታቸውን ረግጦ መሄድ የሚፈልግም አይገኝም። ትዝታው የሚፈለግ ከሆነ እግር ያለው የድሮ ቴሌቪዥንና በዙሪያው የተኮለኮሉ ልጆች ይሳሉ። የማን ሰዓት እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል።

አበበ ቢቂላን ካልሲ ላይ ያሳተሙ ሰዎችን ግን ምን እንደምላቸው አላውቅም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የሮጠው በባዶ እግሩ ነው! ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ስላሸነፈ የግድ ከሆነ «ቶኪዮ» ብለው ይጻፉበት።

ለሐረጎ ላይና ታች

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ የወረደ ሰው በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብሏል፤ ጃኬቱንም አውልቋል። አንድ ካልሲ ለሁለቱ ከተሞች እኩል አይሆንም። በሐምሌ ጭጋግ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ለሚያድር ሰው ወፈር ያለ፣ ውስጡ እንደ ፎጣ ለስላሳ የሆነ የጥጥ ካልሲ ይሁን። ለኮምቦልቻ ስስ ይሁን፤ ሙሉ በሙሉ ፖሊስተር የሆነው የታተመ ካልሲ ደግሞ በዚያ ሙቀት ላብ አይመጥም፤ ጫማ ሲወልቅም ራሱን ያሳውቃል። ይህ ለስጦታ የታሰበ ካልሲ መስጊድ በር ላይ የሚያመጣውን መዘዝ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ለዕለት ልብስ አመቺው ከ75 እስከ 80 በመቶ ጥጥ፣ ቀሪው ናይለንና ከ2 እስከ 5 በመቶ የሚለጠጥ ክር ያለበት ነው። ናይለኑ ተረከዙን ከመበሳት ያቆየዋል፤ የሚለጠጠው ክር ቅርጹን ይይዛል። በቀን አምስት ጊዜ ለሚሰግድ ሰው ካልሲ መምረጥ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለውዱእ የሚወልቅና እርጥብ እግር ላይ ተመልሶ የሚጠለቅ ካልሲ አንገቱ ላላ ያለ፣ ውፍረቱም መካከለኛ ቢሆን ይሻላል። በጣም ወፍራም ጥጥ እርጥበቱን እስከ ማታ ይዞ ይውላል። አንገቱ ላይ ድፍን ጥልፍ ያለበት ለእንዲህ ያለ ሰው አይመችም፤ በየጊዜው ሲወልቅና ሲጠለቅ መጀመሪያ የሚበጠሰው ያ ነው።

ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት፣ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክም ያላት ከተማ በመሆኗ «ካልሲውን እዚያው አሠራለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ጨርቅ ግን ድርና ማግ ተላልፎ የሚሸመን ነው፤ ካልሲ በቀለበት የሚያያዝ ሹራብ ነው። ማሽናቸውም ሙያቸውም ይለያያል። ስለዚህ ሠሪውን «የካልሲ ማሽን አለዎት? ስንት መርፌ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቁጥሩን ሳያመነታ የሚነግርዎት ሰው ሥራውን ያውቃል። «ሁሉንም እንሠራለን» የሚልዎት ምናልባት ተቀብሎ ለሌላ የሚያስተላልፍ ደላላ ነው፤ ያም ነውር የለውም፤ ቀኑ ግን ይረዝማል።

ለሚዜዎች ሲሆን

ብዙው ትዕዛዝ የሚመጣው በሠርግ ሰሞን ነው። የሚዜ ካልሲ ላይ የየራሳቸውን ስም ማሠራት ደስ የሚል ቢሆንም እያንዳንዱ ስም አዲስ ንድፍ ስለሆነ ዋጋውን ይቆልለዋል። ርካሹ መንገድ ካልሲው ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ «ሚዜ» የሚለው አብሮ እንዲሠራ፣ ስማቸው ደግሞ አንገቱ ላይ በየግላቸው እንዲጠለፍ ማድረግ ነው። «ሚዜ» ሁለት ፊደል ስለሆነ ማንም ማሽን አያበላሸውም። የሙሽራውን ካልሲ በቀለም ይለዩት፤ ፎቶ አንሺው ይፈልገዋል።

የጫማ ቁጥራቸውን በስልክ ሰብስበው አንድ አማካይ ቁጥር አይዘዙ። 39 የሚያደርገውና 44 የሚያደርገው አንድ ካልሲ ከለበሱ የአንዱ ተረከዝ ጫማው ውስጥ ይጠቀለላል፤ የሌላው ጽሑፍ ተለጥጦ አይነበብም። ሙሉው ትዕዛዝ ከመሠራቱ በፊት የአንዱን ናሙና ፎቶ ይጠይቁ፤ ካልሲው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሳይሆን እግር ገብቶበት የተነሣ ይሁን። ሲደርስዎት በረኪና እንዳይነካው ለአጣቢው ይንገሩ፤ ቀለሙንም የሚለጠጠውንም ክር ይበላዋል። ተገልብጦ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፤ ከከሰል ምድጃ ርቆ ጥላ ላይ ይሰጣ።